ረድኤት ከማን ጋር ትኑር?

በአንድ ወቅት ከትልቁ ሆስፒታል የሦስት ሰዓት መንገድ በምትርቅ ትንሽ ከተማ ረድኤት የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። የደም ካንሰር ይዟት መድኃኒት ጀምራ ነበር። እናትና አባቷ ስለሞቱ የሚያሳድጓት አክስቷ መንበረና ሁለት አጎቶቿ፣ ጌጡና ጥላዬ ነበሩ።

አንድ ጠዋት ሳል ጀመራት። ጎረቤቱ ሁሉ ጉንፋን ነው አለ። መንበረ ግን ልብሷን ገልጣ ስታይ፣ የጎድን አጥንቶቿ መሃል በተነፈሰች ቁጥር ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ሰዓት ይዛ ትንፋሿን ቆጠረች፤ በደቂቃ ሃምሳ ሁለት።

«ይሄ ሳንባዋ ነው። አሁኑኑ እንሂድ» አለች።

ጌጡ የሚኒባስ ሾፌር ነው። መንበረ ስትደውልለት ከከተማው ወጥቶ ነበር። አሥራ አንድ ተሳፋሪ ዝናብ ላይ አውርዶ ተመለሰ፤ አንዷ ነፍሰ ጡር ነበረች። ረድኤት መጋደም ስላቃታት መንበረ መንገዱን ሁሉ ቁጭ አድርጋ አቀፈቻት። ሆስፒታሉ በር ላይ ሲደርሱ የልጅቷ ከንፈር መጥቆር ጀምሮ ነበር።

ኦክስጅን ተደረገላት፤ አልበቃትም። ሐኪሟ «በጉሮሮዋ ቱቦ አስገብተን በማሽን ካልተነፈሰች አቅሟ ያልቃል። ቱቦው ሲገባም ልናጣት እንችላለን» አለቻቸው።

መንበረ «አይሆንም፣ እጃችሁ ላይ ትሞታለች» አለች። ጌጡ መወሰን አቅቶት ወደ ግቢው ወጣ። ታናሻቸው ጥላዬ የፈቃድ ወረቀቱ ላይ ፈረመ። ከዚያ በኋላ መንበረ ዘጠኝ ቀን አላናገረችውም።

በአሥረኛው ቀን ቱቦው ወጣ፤ ረድኤት በራሷ ተነፈሰች።

ሐኪሟ ግን «ሳንባዋ ገና ነው» አለች። «ሕክምናው እስኪያልቅ ሁለት ዓመት እዚሁ ሆስፒታሉ አጠገብ ከአንድ ሰው ጋር ትኑር። ብዙ ሰው አይመላለስባት። ጭስም ሆነ የሚያስል ሰው አይጠጋት።»

ሦስቱም እኔ ልያዛት አሉ።

«ሕመሟን የለየሁት እኔ ነኝ» አለች መንበረ። መተዳደሪያዋ ግን በማገዶ ዳቦ ጋግሮ መሸጥ ነው።

«እትዬ፣ ማወቅሽ ብቻውን ሆስፒታል ባላደረሳት ነበር» አለ ጌጡ። እሱ ደግሞ ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ነው።

ጥላዬ «ብትሞት ኖሮ ገዳይዋ ተብዬ የምኖረው እኔ ነበርኩ» አለ። እሱም አስተማሪ ነው፤ ሲያስሉ ከሚውሉ ስልሳ ሕፃናት ጋር ውሎ ይገባል።

ረድኤትን ሲጠይቋት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ስትጨቃጨቁ ትንፋሽ ያጥረኛል» አለች።

ሐኪሟ የአንድ ሰው ስም እየጠበቀች ነው። እናንተ ብትሆኑ ረድኤት ከማን ጋር ትኑር ትላላችሁ?