ከጨው ሜዳ የመለሰው ድምፅ

አንድ የሲራራ ነጋዴዎች መንደር በትልቅ የጨው ሜዳ ዳር ነበረ። ጨው የሚቆረጠው ከሜዳው ማዶ ነው። ሜዳው ላዩን ሲያዩት የተለሰነ ወለል ይመስላል፤ ከሥሩ ግን ሰውንም በቅሎንም ከነጭነቱ የሚውጥ ጭቃ አለ። ስለዚህ ነጋዴዎቹ አንዱ የሌላውን ዱካ እየረገጠ፣ በአንድ መስመር ይሄዱ ነበር።

ሲሄዱ የሚጠብቁት ልማድ ነበራቸው። መሪው ከፊት ሆኖ መሬቱን በዘንጉ ይነካና «ይችላል!» ይላል፤ መሬቱ ሰውና ጭነት ይሸከማል ማለቱ ነው። ተከታዩ ቃሉን ተቀብሎ ለኋለኛው ያቀብላል፤ እንዲህ እያለ እስከ ጭራው ይደርሳል። የመጨረሻው ሰው ደግሞ «ይችላል!» ብሎ ወደ ፊት ይመልሳል፤ መሪውም ሰዉ ሁሉ መኖሩን በዚህ ያውቃል። ደግ ልማድ ነበር። ክፋቱ፣ ከመሪው በቀር እግሩን የሚያይ ሰው አለመኖሩ ነው። እነዚህ ሰዎች መንደር ሳሉ ስለ አንዲት የጭነት ገመድ ግማሽ ቀን የሚከራከሩ ነበሩ። ጨዉ ላይ ሲወጡ ግን ክርክራቸውም ዓይናቸውም መንደር ይቀር ነበር።

መሪያቸው ነጋድራስ ተድላ ይባሉ ነበር። ከመናገራቸው በፊት ጉሮሯቸውን ጠረግ የማድረግ አመል ነበራቸው፤ ከዚያ በረጋ ድምፅ «ይችላል!» ሲሉ የፈራው ሁሉ ልቡ ይመለሳል። «አላውቅም» ሲሉ የሰማቸው የለም።

አንድ ክረምት ደጋው ላይ ዝናቡ በረታ፤ ጎርፉም ወርዶ ሜዳው ላይ ተኛ። ውኃው ሲደርቅ የድሮው ዱካ ጠፋ፤ አዲስ የጨው ቅርፊት ሁሉን ሸፈነው። ነጋድራስ ተድላ ምንም አልተለወጠም ብለው፣ ማንንም ሳያስከትሉ መንገዱን ሊያዩ ሄዱ። አልተመለሱም። የተገኘው ዘንጋቸው ብቻ ነው፤ ጨዉ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር። በዙሪያው የሰው ዱካ አልነበረም። ለቅሶው ያለ አስከሬን ተለቀሰ።

አገሩ ያለ ጨው መክረም አይችልምና ሽማግሌዎቹ ውቤ የሚባለውን ነጋዴ መሪ አድርገው ሾሙት። የነጋድራሱን ዘንግ ሲሰጡት አንድ ምክር አከሉበት፤ ጨዉ ላይ ቆመህ አላውቅም እንዳትል፤ መሪ አላውቅም ያለ ቀን ሰው ይበተናል አሉት። ውቤ እሺ ብሎ ተቀበለ።

ሊነሱ ሲሉ የነጋድራሱ ሚስት እትዬ ትርንጎ መጡ። አንድ ልጃቸው ፈንታሁን ከነጋዴዎቹ ጋር ሊሄድ ነበር፤ አትሂድ ቢሉት አልሰማቸውም። የአባቱን ሞት አላመነም፤ አስከሬን ያላየሁበትን ሞት አልቀበልም ይል ነበር። እትዬ ትርንጎ የውቤን እጅ ይዘው «ባሌን ጨው በላው። ልጄን ግን መልስልኝ» አሉት። ውቤ ቃል ገባ። ቃል የገባው ግን ፈርቶ ነበር።

ሜዳው መሀል ሲደርሱ ነጭ ጉም ወረደ። ቀን ነው፤ ግን ፀሐይም ጥላም የለም። ሰማዩና ምድሩ አንድ ሆኑ፤ ሰው ከፊቱ ካለው በቅሎ ጭራ አልፎ ማየት አቃተው። ውቤ በዘንጉ እየነካ «ይችላል!» ይላል፤ ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፈ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ በጭራው ካለው ከፈንታሁን ይመለሳል። እንዲህ ሲሄዱ ቆይተው፣ ውቤ አንድ ጊዜ ጠርቶ መልሱን ሲጠብቅ መልሱ መጣ። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ይባላል፤ ያን ቀን ግን ጉዱ ከፊት መጣ። ማንም ከሌለበት ከጉሙ ውስጥ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረግ አደረገና በረጋ ድምፅ «ይችላል!» አለ።

በቅሎዎቹ ቆሙ። ድምፁ የማን እንደሆነ ሁሉም ስላወቁት ስሙን የጠራ አልነበረም።

መጀመሪያ የመጣባቸው ፍርሃት ነበር፤ ቀጥሎ ግን ደስታ። ከውቤ ኋላ የነበረው በላቸው የተባለ የድሮ ነጋዴ፣ እኝህ ከፊታችን ሳሉ በሚንቀጠቀጥ ዘንግ ምን አስመራን ብሎ በቅሎውን እየሳበ ውቤን አልፎ ሄደ። ጉሙ ሸፈነው። «ይችላል!» ሲል ተሰማ። ጥቂት ራቅ ብሎም «ይችላል!» አለ። ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ቀጥሎ ከጉሙ ውስጥ ሁለት ድምፆች እኩል ጉሮሯቸውን ጠረጉና እኩል «ይችላል!» አሉ።

የበላቸው በቅሎ አልጮኸችም፤ የወደቀ ነገርም አልተሰማም።

በዚህ መሀል ፈንታሁን ከጭራው ሮጦ ፊት ደረሰ። አባቴ ነው፣ ልቀቁኝ እያለ ወደ ጉሙ ሊገባ ሲል ውቤ በወገቡ ያዘው። እውነቱን ለመናገር ውቤ ራሱ መሄድ አምሮት ነበር። ከፊት አንድ የሚያውቅ ሰው አለ ብሎ ማመን ከባድ ሸክም ከትከሻ እንደማውረድ ነው። ግን ዘንጉ በእጁ ነበር፤ ነጋድራሱ ያለ ዘንግ መሬቱን በምን ነክተው ነው ይችላል የሚሉት? ይህ አሳብ አቆመው።

ውቤ ወደ ጉሙ ዞሮ «ጋሼ፣ እግርዎ ምን ላይ ቆሟል?» ሲል ጠየቀ።

«ይችላል!» አሉ ድምፆቹ።

«ደረቅ ነው ወይስ እርጥብ?»

«ይችላል!»

ፈንታሁን መታገሉን ተወ። «አባባ፣ እኔ ማነኝ?» አለ።

ከጉሙ ውስጥ ጉሮሮ ተጠረገ። ድምፁ እንደ ሁልጊዜው የረጋ ነበር። «ይችላል!»

ልጁ እዚያው ጨዉ ላይ ተቀመጠና አባቱ ከጠፉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰ።

ያን ጊዜ ውቤ ወደ ሰዎቹ ዞሮ ሽማግሌዎቹ አትበል ያሉትን ተናገረ። «መንገዱን አላውቅም። ከእግሬ ሥር ያለውን ግን አውቃለሁ፤ ጨዉ ደረቅ ነው፣ ስረግጠው ግን ይሰነጠቃል። እናንተስ ምን ረግጣችኋል?»

ማንም አልተበተነም። ይልቅ ሁሉም በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ጨዉ ላይ ቆመው ወደ እግራቸው አዩ። አንዱ ከሥሬ ውኃ ይንቦጫረቃል አለ። ሌላው የኔ በቅሎ ወደ ቀኝ አልራመድም ብላለች አለ፤ ይህን ካየ ቆይቷል፣ ግን የጠየቀው አልነበረም። ከጭራው አካባቢ ያለው ደግሞ እዚህ ጋ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ነው አለ። መሪው ይህን ሁሉ ሰምቶ ሰልፉን ከጭራው ጀምሮ አዞረው። ከዚያ በኋላ «ይችላል» የሚለውን ቃል ትተው እያንዳንዱ የረገጠውን እየተናገረ ሄዱ። አዝጋሚ ጉዞ ነበር። ድምፆቹ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ እየሆኑ፣ ጠጣሩ መሬት እስኪደረስ ድረስ ተከተሏቸው።

ያን ጊዜ በላቸውን አጥተው፣ ጨው ሳይዙ ተመለሱ። ሽማግሌዎቹ ተቆጡ። እትዬ ትርንጎ ግን ልጃቸውን አቅፈው ቆዩና፣ ሰው የሚያወራውን ሰምተው ኖሮ፣ በቀስታ «አባትህ ነበር?» ብለው ጠየቁት።

ፈንታሁን «አይደለም፣ እማዬ። አባቴ ስሜን ያውቃል» አላቸው።

በማግስቱ የአባቱን ተዝካር አወጣ። ውሎ አድሮም ነጋዴዎቹ የረገጡትን እየተነጋገሩ አዲስ መንገድ አገኙ። ነፋስ በሌለበት ነጭ ቀን ግን ከሜዳው መሀል ሁለት ድምፆች ዛሬም ይሰማሉ ይባላል።

ወዳጄ፣ ከዚህ ተረት የምንይዘው ይህ ነው። መንገድ ሲለወጥና ጉም ሲወርድ፣ እርግጠኛ የሆነ ድምፅ ሁሉ ያጓጓል፤ የትናንቱ መንገድ ድምፅማ ከሁሉ ይብሳል፣ ምክንያቱም እንወደዋለን። ነገር ግን ስማችንን ጠይቀነው የማይመልስ፣ እግሩ ምን ላይ እንደቆመ የማይነግረን ድምፅ፣ የቱንም ያህል ቢረጋ መሪ አይሆንም። የማያውቀውን አላውቅም የሚል፣ የሚያውቀውን የማይደብቅ፣ ከኋላው ያሉትንም ምን ረገጣችሁ ብሎ የሚጠይቅ መሪ ሰውን አይበትንም። መልሱን ሰምቶ ሰልፉን ለማዞር የማያፍር ከሆነ ደግሞ የእናት አደራ ያደርሳል።

እርስዎስ? ዛሬ በሥራ ቦታዎ «ይችላል» ያሉት እግርዎን አይተው ነው፣ ወይስ ከፊት የሰሙትን ተቀብለው?