የበቅሎ አባት ሜዳ የገባ ዕለት

አንድ ጊዜ የአህጉሩን እንስሳት ሁሉ የኳስ ፍቅር ያዛቸው። ከባሕር ማዶ ታላቅ የእንስሳት ዋንጫ ተዘጋጅቶ ስለነበር፣ ወደዚያ የሚሄዱትን ቡድኖች ለመለየት በየአገሩ የማጣሪያ ጨዋታ ይደረግ ጀመር። ዝሆኖች ገና በመጀመሪያው ዙር ወደቁ፤ ኳሱን በረገጡት ቁጥር ይፈነዳባቸው ነበር። ጦጣዎችም በእጃቸው መንካቱን መተው ስላቃታቸው ተባረሩ። በመጨረሻ አንድ ቦታ ብቻ ቀረች፤ ለእሷም ፈረሶችና ጅቦች ተፋጠጡ።

ጅቦቹን የሚያሠለጥነው ቀበሮ ነበር። ቡድኑ በነጥብ ስለሚበልጥ አቻ መውጣት ይበቃው ነበር። ፈረሶቹ ግን የግድ ማሸነፍ ነበረባቸው። ተስፋቸውን ሁሉ የጣሉት ደግሞ በአንዲት አጥቂ ላይ ነበር፤ በበቅሎ ላይ።

በቅሎ በፈረሶች መስክ ተወልዳ፣ በፈረሶች ትምህርት ቤት ተምራ ያደገች ዓይን አፋር ነበረች። ኳስ እግሯ ሥር ሲገባ የሚያስቆማት የለም። ከሜዳ ስትወጣ ግን ቀና ብላ አታይም፤ ረጃጅም ጆሮዎቿን ወደ ኋላ አስተኝታ በጋማዋ ትሸፍናቸዋለች። ወደ ቡድኑ በገባች ዕለት አምበሉ ዳማ ፈረስ፣ «አባትሽ ማነው?» ብሎ ጠይቋት ነበር።

«እናቴ ፈረስ ናት» አለች፣ መሬት መሬቱን እያየች።

ፈረሶቹ እናቷን ያውቋት ስለነበር ከዚያ በላይ አልጠየቁም።

አባቷ ግን ሩቅ አልነበረም። የቡድኑን ውሃ በጀሪካን የሚሸከመው ሽማግሌ አህያ ነበር። ፈረሶች አህያን ምን ያህል እንደሚንቁ ያውቃልና በሌሎች ፊት «ልጄ» ብሎ ጠርቷት አያውቅም። ውሃ ሲያቀርብላት እንኳ፣ «ይጠጡ እመቤቴ» ነበር የሚላት። እሷም ዓይኑን ሳታይ ትጠጣለች። እንዲህ እንደሆኑ ዓመታት አለፉ።

የመጨረሻው ጨዋታ ዕለት ሜዳው ዙሪያውን በእንስሳት ተሞላ። ዳኛው አያ አንበሶ ነበር፤ ፊሽካ አያስፈልገውም፣ ማግሳቱ ይበቃል። ጅቦቹ ቀድመው አገቡ። ብዙም ሳይቆይ በቅሎ ተከላካዮቹን ሁሉ አልፋ አቻ አደረገች።

እሷን እንዲይዝ የታዘዘው ተከላካይ አያ ጅቦ ነበር። አያ ጅቦ ግን እግሯን ትቶ በአፍንጫው ይከተላት ጀመር።

«አንተ! ኳሱን ቀማት እንጂ ምን ታሸታታለህ?» ብሎ ጮኸ ቀበሮ ከመስመሩ ውጭ።

«ጌታዬ፣ ይቺ ልጅ አህያ አህያ ትሸታለች!» አለ አያ ጅቦ ምራቁን እየዋጠ። «ቁርስ ስላልበላሁ ይሆን?»

«ሙሉ በግ በልተህ አይደል እንዴ የመጣኸው!»

«እንግዲያው ምሳ ስላልበላሁ ይሆናል።»

ቀበሮ ሊስቅ ብሎ ተወው። ዓይኑ ከበቅሎ ጆሮ ተነስቶ ወደ ውሃ ተሸካሚው አህያ ጆሮ ሄደ፤ ከአህያው ጆሮ ደግሞ ወደ በቅሎ ተመለሰ። ከዚያ ጅራቱን ቀስ አድርጎ አወዛወዘ።

በዕረፍት ሰዓት በቅሎ ብቻዋን ከአንድ ግራር ሥር ቆማ ሳለ ቀበሮ ፈገግ እያለ መጣ።

«እመት በቅሎ፣ እንዴት ያለ ጨዋታ ነው! አባትሽን ባገኘው እግሩ ላይ ወድቄ አመሰግነው ነበር። ለመሆኑ የት ነው ያለው?»

በቅሎ ጆሮዎቿን ይበልጥ ወደ ኋላ አስተኛች።

«ግድ የለም፣ አትቸገሪ። አግኝቼዋለሁ። ጀርባው ተልጧል፣ ምስኪን።»

«ምንድን ነው የፈለግከው?»

«ትንሽ ነገር። በሁለተኛው አጋማሽ አንከስ በይልኝ። ኳስ ሲደርስሽ ወደ ሰማይ ጠልዢው። አቻ እንወጣለን፣ እኔም አፌን እዘጋለሁ። እምቢ ካልሽ ግን ለዳማ እነግረዋለሁ። የአህያ ልጅ ሲከተል እንደከረመ ሲሰማ ምን የሚል ይመስልሻል?»

በቅሎ ወደ አባቷ ተመለከተች። ፈረሶቹ ውሃውን ጠጥተው፣ በተረፈው ፊታቸውን ታጥበውበት ነበር። አህያው ባዶ ጀሪካኖቹን ይዞ ፀሐይ ላይ ቆሟል። ለራሱ አንድ ጉንጭ እንኳ አላስቀረም።

«አንተ ከምትነግርብኝ እኔው እናገረዋለሁ» አለች።

ቀበሮ ሳቀ። «አንቺ? ስምሽን ሲጠሩሽ እንኳ የምትደነግጪው?»

በቅሎ ወደ ሜዳው መሀል ሄደች።

«ስሙኝ» አለች። ድምጿ ከአጠገቧ አላለፈም። ጆሮዎቿን ከጋማዋ ሥር አወጣቻቸውና ቀጥ አድርጋ አቆመቻቸው። «ስሙኝ! ስለ አባቴ ስጠየቅ እናቴን እየጠራሁ ኖሬአለሁ። አባቴ አህያ ነው። ያውላችሁ፣ ውሃችሁን ተሸክሞ የመጣው። እኔ የሱ ልጅ ነኝ!»

ዳማ ፈረስ አፍንጫውን ነፍቶ እየተንጎራደደ መጣ።

«የፈረስ ማልያ የለበሰች የአህያ ልጅ! ውጪ ከሜዳ!»

«አልወጣም።»

«ምን አልሽ?»

«አልወጣም አልኩህ። ጎሉን ያገባሁት በእናቴ ግማሽ ብቻ መሰለህ?»

ከተመልካቹ መካከል የሳቀ ነበር። ዳማም ይብስ ተናደደ። «እንግዲያው እኔ እወጣለሁ! ከአህያ ዘር ጋር አልሰለፍም!» አለና ማልያውን አውልቆ ጥሎ ወጣ። የቀሩት ፈረሶች እርስ በርስ ተያዩ። ሊከተሉት አስበው ነበር፤ የባሕር ማዶው ዋንጫ አሳሳቸውና ቀሩ።

«የወጣውን የሚተካ አላችሁ?» አለ አያ አንበሶ።

ተቀያሪ አልነበራቸውም። በቅሎ ወደ ሜዳው ዳር ዞረች።

«አባዬ፣ ና ግባ!»

አህያው ግራ ቀኙን አየ። «እኔ? እመቤቴ፣ እኔ እኮ…»

«እመቤቴ አትበለኝ። ልጄ በለኝ!»

«ልጄ» አለ ሽማግሌው ቀስ ብሎ። «እኔ ኳስ አልችልም። እዚያ ያሉትም ጅቦች ናቸው።»

«አውቃለሁ። ብትቀርም አልቀየምህም። ግን ከእንግዲህ ዳር ቆመህ ላይህ አልፈልግም።»

አህያው ጀሪካኖቹን መሬት ላይ አራገፈ። የዳማን ማልያ ለብሶ፣ በሰፊው ማልያ ውስጥ እየዋኘ ገባ።

ቀበሮ ዘሎ ተነሳ። «አህያ ፈረስ አይደለም! ሕግ ይከበር!»

«ከፈረሶች ጋር የመጣ ለፈረሶች ይጫወታል» አለ አያ አንበሶ። «አንተስ ቀበሮ ሆነህ ጅቦች መሀል ምን ትሠራለህ?» ብሎ አገሳ። ጨዋታው ቀጠለ።

አያ ጅቦ አህያውን ከፊት ለፊቱ ሲያይ ማመን አቃተው። «ወንድሞቼ፣ ምሳ ገባ!» ብሎ ጮኸ። ተከላካዩ፣ አጥቂው፣ በረኛው ሳይቀር ሁሉም ጅቦች አህያውን ያባርሩ ጀመር።

«ኳሱን ተከተሉ! እናንተ ሆዳሞች፣ ኳሱን!» አለ ቀበሮ ፀጉሩን እየነጨ።

«ኳሱማ ሥጋ የለውም!» ብሎ መለሰ አያ ጅቦ ሳይቆም።

አህያው ሮጠ። ዕድሜውን ሙሉ ሲያዘግም ያዩት ሁሉ እግሩ የዘገየ ይመስላቸው ነበር። ጭነት ሳይኖርበት ግን አይተውት አያውቁም። በቅሎ ኳሷን ይዛ ቆመች። ፊት ለፊቷ ባዶ ጎል፣ ከኋላዋ በጅብ የሚባረር አባቷ። ኳሱን ትታ ልትሮጥለት ስትል የአህያው ድምፅ ሜዳውን ሞላው።

«ልጄ፣ አግቢው!»

ያን ቃል ያልሰማ እንስሳ አልነበረም። በቅሎ ወደ ፊት ሮጣ ኳሷን መረብ ውስጥ አገባቻት።

አህያው ደግሞ ሜዳውን ዞሮ አያ አንበሶ ጀርባ ቆመ። «ከጅብ ጥርስ የዳኛ ጀርባ ይሻላል» አለ እያለከለከ። አያ አንበሶ ጅቦቹን አየት አደረጋቸው። የፊተኞቹ ድንገት ሲቆሙ የኋለኞቹ ላያቸው ላይ ተከመሩ። ከዚያ በኋላ ቀበሮ ቢጮህ ቢለምን፣ ጅቦቹ ዓይናቸውን ከአህያው ላይ ማንሳት አልቻሉም። ጨዋታው በፈረሶች አሸናፊነት አለቀ።

ፈረሶቹ እየዘለሉ በቅሎን ከበቧት። ዳማም ተመልሶ መጣ።

«እህቴ በቅሎ፣ ደስ ይበልሽ! አባትሽን ይቅር ብለነዋል» አላት።

«ምን በድሏችሁ?» አለች።

ዳማ ነገሩን ለማለፍ ብሎ፣ «በሉ እንግዲህ፣ መንገዱ ሩቅ ነው፤ አህያው ጀሪካኖቹን ይጫንና እንሂድ» አለ።

በቅሎ በአባቷና በጀሪካኖቹ መካከል ገብታ ቆመች።

«አባቴ አይጫንም። ዛሬም አይጫንም፣ ነገም አይጫንም። የጠጣ ይሸከም።»

ፈረሶቹ ያለ እሷ ባሕር ማዶ ሄደው የትም እንደማይደርሱ ሁሉም ያውቁታል። በመጨረሻ አንዱ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ጀሪካን አነሳ። ሌላውም አነሳ። የመጨረሻውና ትልቁ ለዳማ ቀረለት። አባትና ልጅም ጀርባቸው ቀሎላቸው፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ፊት ፊት ሄዱ።

ከዚህ የምንማረው በወላጁ የሚያፍር ልጓሙን ለቀበሮ እንደሚያስጨብጥ፣ ወላጁን በአደባባይ የሚጠራ ግን ማንም እንደማይጋልበው ነው።