ምልክት የተጻፈበት በር

አንድ ወሬ የማይጠግብ ሰው ነበር። ስሙ ስመኘው ይባላል። በሚኖርባት የገጠር መንደር ራዲዮ ያለው እሱ ብቻ ነበር፤ በመንደር ውስጥ ብቻውን ራዲዮ ያለው ሰው ምን ያህል እንደሚከበር ደግሞ እናንተው ገምቱት። ባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ አስጥቶ ትንሽ ነፍስ ይዘራበታል። የዜና ሰዓት ሲደርስ ጎረቤቱ ሁሉ የያዘውን ጥሎ ደጁ ይሰበሰባል። እሱም የሰማውን ሁሉ ከሚያውቀው ወንጌል ጋር እያዛመደ ይተረጉምላቸዋል።

ስመኘው ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ታሪኩን ስትሰሙ ልትፈርዱበት እንዳትቸኩሉ ነው። ጾም የማይሽር፣ እንግዳ ሲመጣበት ፊቱ የማይጠቁር፣ ሚስቱ ስትሞት አንድ ልጁን እንደ እናትም እንደ አባትም ሆኖ ያሳደገ ሰው ነው። ችግሩ ፍርሃቱ ከእምነቱ ቀድሞ መሮጡ ነበር። አንዱ አገር በሌላው ላይ ጦር ሲያነሣ ከምድጃው ከሰል ይወስድና በቤቱ በር ላይ አንድ መስመር ይጭራል። ምድር ስትናወጥ፣ በሽታ ሲገባ፣ ረሃብ ሲነገር አሁንም ይጭራል። በሩ ከዋንዛ ግንድ የተጠረበ ሰፊ ሳንቃ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ከላይ እስከ ጉልበት ድረስ በመስመር ጠቆረ። ስመኘው ሳንቃው ሲሞላ የጌታ መምጫ ይሆናል ብሎ ለራሱ ወሰነ፤ ጎረቤቶቹም አመኑት።

መንደሯና ዓለም የሚገናኙት በአንድ ድልድይ ነው። ገበያው፣ የመኪናው መንገድና ጤና ጣቢያው ያሉት ከወንዙ ማዶ ነው። የግንድ ድልድይ ስለሆነ በየዓመቱ የክረምቱ ሙላት ይወስደዋል፤ በየዓመቱም የመስቀል በዓል እንዳለፈ ወንዱ በደቦ ወጥቶ እንደገና ይሠራዋል። በዚያ ዓመት ግን ሰው መጥረቢያውን ስሎ ሲሰበሰብ ስመኘው ተነሣና ለማን ነው የምንሠራው ብሎ ጠየቀ። ሳንቃው ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል፤ ጌታ ሲመጣ ደግሞ በግንድ ድልድይ አይሻገርም አለ። እውነቱን ለመናገር ግንድ መሸከም የሰለቸው ሰው በመካከላቸው አልጠፋም፤ ለስንፍና እንዲህ ያለ መንፈሳዊ ምክንያት ደግሞ በየቀኑ አይገኝም። ደቦው ቀረ።

የተቃወሙት እማማ አንጓች ብቻ ነበሩ። የመንደሯ አዋላጅ ናቸው፤ ስመኘውን ራሱን ጨምሮ የመንደሯን ግማሽ የተቀበሉት በእጃቸው ነው። ጌታዬ ተጎልቼ ከሚያገኘኝ ግንድ ተሸክሜ ቢያገኘኝ ይሻለኛል አሉ። የሚሰማቸው አላገኙም።

ሦስት ሳምንት አልሞላም፤ የስመኘው ልጅ የውብዳር ምጥ ያዛት። የመጀመሪያዋ ስለሆነ እንደ ወጉ ልትወልድ ወደ አባቷ ቤት መጥታለች። አንድ ቀን አለፈ፤ ልጁ አልመጣም። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ሴቶቹ በውስጥ ማርያም ማርያም እያሉ ይማጸናሉ፤ አማቹ በጓሮ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ስመኘው ደግሞ ደጅ መደቡ ላይ ራዲዮውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ልጁ በጮኸች ቁጥር የራዲዮውን ድምፅ ከፍ ያደርገዋል። ጨክኖ አይደለም፤ ጩኸቷን ጆሮው መሸከም ስላልቻለ ነው።

በዚያው ሰዓት ራዲዮው አዲስ ጦርነት መጀመሩን ተናገረ። ስመኘው ከሰሉን አነሣና ከበሩ ግርጌ የመጨረሻዋን መስመር ጫረ። ከዚያ በኋላ በሳንቃው ላይ የጣት ጫፍ የምታህል ቦታ አልቀረም። ለዜናው የተሰበሰበው ወንድ ሁሉ ቆብና ጥምጣሙን አወለቀ። አንዱ በለሆሳስ እግዚኦ ማለት ጀመረ።

እማማ አንጓች የወጡት ይህን ጊዜ ነው። በሩን ሲከፍቱት ከሰሉ ነጠላቸውን አጠቆረው፤ እሳቸው ግን ልብም አላሉት። ልጁ አልወርድ ብሏል፣ ከእኔ እጅ በላይ ነው፣ ቀትር ሳይሆን ጤና ጣቢያ ካልደረሰች ሁለቱንም እናጣቸዋለን አሉ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሁሉም ያሰበው አንድ ነገር ነው፤ ድልድዩን።

ስመኘው እንባ ባቀረሩ ዓይኖች ቀና ብሎ አያቸው።

“እማማ፣ ምልክቱ እኮ ሞላ። ጩኸቷን አይሰሙም? አለቀልን።”

“እሰማለሁ እንጂ” አሉ እማማ አንጓች። “ሃምሳ ዓመት የሰማሁት ይህንኑ ጩኸት ነው። አንድም ቀን ግን ሴት ጮኸች ብዬ አለቀላት አላልኩም። ውኃ አሙቁ፣ ወገቧን ደግፉ፣ ጨርቅ አምጡ ነው የምለው። አንተ ወንጌል ታውቃለህ። ጌታ ይህን የዓለም ጩኸት ምን ብሎ ጠራው? ሞት አለው?”

ስመኘው፣ “የምጥ መጀመሪያ ነው ያለው” አለ።

“ታዲያ ምጥ እኮ የሚመጣ ሰው አለው፤ ሰው ሲመጣ ደግሞ ተነሥተው ይቀበሉታል። ተነሥ፣ ስመኘው።”

ስመኘው ተነሣ። እንዴት እንደተነሣ ቆመው ያዩት ሰዎች እስከ ዛሬ ሲያወሩት ፊታቸው ይበራል። ራዲዮውን መደቡ ላይ ጣለው። ወደ በሩ ዞረ፤ ያን ሁለት ዓመት ሙሉ የጻፈበትን ሳንቃ በሁለት እጁ ጨብጦ አንዴ ነቀነቀው፣ ሁለቴ ነቀነቀው፣ በሦስተኛው ከነማጠፊያው ገንጥሎ አወጣው። ቃሬዛ ውኃ ውስጥ ይረግባል፣ በዚህ ላይ አስተኟት አለ። አማቹ ከጓሮ እየሮጠ መጣ፤ ጋቢ አነጠፉበት፤ የውብዳርን አስተኟት። ከዚያ በኋላ ማን ማንን እንዳዘዘ የሚያስታውስ የለም፤ መንደሩ በሙሉ ወደ ወንዙ እየሮጠ ነበር።

ውኃው ከጉልበት ይጀምርና መሐል ላይ እስከ ደረት ይደርሳል። አርባ የሚሆኑ ወንዶች ከዳር እስከ ዳር ገብተው በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ቆሙ። አጫጭሮቹ ከዳር ሆኑ፤ ስመኘው ረጅም ስለሆነ ጥልቁን ቦታ ያዘ። ሳንቃው ከትከሻ ወደ ትከሻ ማለፍ ጀመረ። ደቦው ሲቀር ደስ ያላቸው ሰዎች ሁሉ አሁን ያዝ፣ ቀስ፣ አቅናው ይላሉ። አንዱ ሲንሸራተት ሁለቱ ይይዙታል። ሳንቃው ስመኘው ጋ ሲደርስ ከክብደቱ እግሩ አሸዋው ውስጥ ሰጠመና ውኃው አገጩን ነካው፤ ልጁ ከላዩ ላይ ሆና እጇን ሰደደችና ራሱን ያዘች፤ እሱም እንደ ሕፃንነቷ ልጄ፣ ልጄ እያለ አሳለፋት። እማማ አንጓችን አማቹ አዝሎ አሻገራቸው። በጀርባው ላይ ሆነው እንኳ ትእዛዝ መስጠት አላቆሙም።

ማዶ ሲወጡ ሳንቃውን ዳር ላይ ጥለው እሷን በጋቢው ተሸክመው ቀትር ሳይሆን ጤና ጣቢያው ደረሱ። ብዙም ሳይቆይ ከውስጥ የሕፃን ልቅሶ ተሰማ፤ እናቲቱም ደህና ናት ተባለ። ኋላ የቀሩት ሴቶች ወሬው ደርሷቸው ከወዲያ ማዶ እልልታውን አቀለጡት፤ ወንዱም እርጥብ ልብሱ ገላው ላይ እንደተጣበቀ ተቃቅፎ አለቀሰ። እኔስ ይህን ስጽፍ ደስታው መቼ ለቀቀኝ? ስመኘው ግድግዳ ተደግፎ ቁጭ አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ የሚመጣውን ሲጠብቅ ፈርቶ ነበር፤ ሰው ሲመጣ እንዲህ ደስ እንደሚል ግን ማንም አልነገረውም፣ ወይም ተነግሮት አልሰማም።

ሲመለሱ ሳንቃው የወንዙ ዳር ላይ ተጋድሞ አገኙት። ውኃው ከሰሉን አጥቦ ወስዶታል፤ የቀረው ነጭ የዋንዛ እንጨት ብቻ ነው። አንዱ ወደ ቤት ልውሰድልህ አለው። ስመኘው እምቢ አለ። በማግስቱ ደቦው ወጣ፤ የድልድዩ የመጀመሪያ ርብራብ የእሱ በር ሆነ። ቤቱ ለወራት በሰሌን ተሸፍኖ ከረመ፤ ጎረቤቶቹ ጅቡ ዜና ሊሰማ ይገባልሃል እያሉ ሲያሾፉበት እሱም አብሯቸው ይስቅ ነበር። የልጅ ልጁንም አሻግሬ ብሎ ስም አወጣለት።

ራዲዮውን አልጣለውም። አሁንም ጎረቤቱ ይሰበሰባል፤ አሁንም ክፉ ዜና አያልቅም። ዜናው ሲያበቃ ግን ስመኘው ራዲዮውን ይዘጋና እሺ፣ ዛሬ ማንን እናሻግር ብሎ ይጠይቃል። ጦርነት ከተባለ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ለሁለቱም ወገን እናቶች ይጸልያሉ። ረሃብ ከተባለ ከጎተራቸው እየቀነሱ ማዶ ከተማ ለገቡት ተፈናቃዮች እህል ይልካሉ። እህሉ የሚያልፈው በዚያው ሳንቃ ላይ ነው።

ወገኖቼ፣ ጌታ ስለ ጦርነቱና ስለ ምድር መናወጡ አስቀድሞ የነገረን እየቆጠርን እንድንንቀጠቀጥ አይደለም። ይህን ስታዩ ቀና በሉ ነው ያለን፤ ቀና ማለትም ተቀምጦ አይሆንም። ዓለም ስትጮህ የሰማ ሰው ሁለት ነገር ማድረግ ይችላል፤ ወይ የራዲዮውን ድምፅ ከፍ ያደርጋል፣ ወይ ልጁን ለመቀበል ይነሣል። የሚመጣው የምንወደው ከሆነ፣ እየሠራን ቢያገኘን ምን ቸገረን?

ዛሬ እያንዳንዳችን በኪሳችን ራዲዮ ይዘን እንዞራለን፤ ከስመኘው የበለጠ ሰምተናል፣ ከእሱም የበለጠ ፈርተናል። እስቲ ልጠይቃችሁ፤ በራችሁ ላይ ስንት ምልክት ጻፋችሁ? በዚያ በርስ ላይ እስከ ዛሬ ማን ተሻገረ?