ጅብ የአያቱን አጥንት ያገኘበት ገደል

አንድ ጊዜ፣ ምድሩ ከባሕር ወለል በታች በወረደበት፣ ነፋሱም እንደ እሳት በሚለበልብበት ቆላ አንዲት ምንጭ ነበረች። ከእሷ ሌላ በአንድ ቀን መንገድ ዙሪያ የሚጠጣ ውሃ አልነበረም። ስለዚህ አውሬዎቹ ሕግ አወጡ፦ የአያቱን አጥንት ከዚያ ምድር ቆፍሮ ያሳየ ቀድሞ ይጠጣል፤ ማሳየት ያልቻለ የተረፈውን ጭቃ ይልሳል።

አሮጊቷ አህያ ሁልጊዜ የምትልሰው ጭቃውን ነበር። ዘሮቿ በዚያ ቆላ ጨው ተሸክመው ሲመላለሱ ኖረው እዚያው ሞተዋል። አጥንታቸውን ግን ከየት ታምጣው? ጅብ ቆርጥሞ ጨርሶታል። ይህንኑ ለዳኛው ለአንበሳ ብታመለክት፣ «ማስረጃሽ ጅብ ሆድ ውስጥ ከሆነ ሕጉ አያውቀውም» ብሎ አሰናበታት።

በዚያ ዓመት ግን ከጭቃው የባሰ ጭንቀት ያዛት። በምንጩና በምሥራቁ ኮረብታ መካከል መሬቱ ተሰነጠቀ። መጀመሪያ ስታየው ስንጥቁ አንድ ሰኮና ያህል ነበር። በሳምንቱ ሁለት ሆነ። በየማለዳው እየሄደች በሰኮናዋ ትለካዋለች፤ ጆሮዋን መሬት ላይ ስታደርግም ከሥር የሚያጉረመርም ነገር ትሰማለች።

«ሦስት ሰኮና ሆኗል እኮ!» ትላለች ላገኘችው ሁሉ።

«አንቺ ደግሞ ጆሮሽ ስለረዘመ ያልተባለውንም ትሰሚያለሽ!» ይሏታል።

ስንጥቁ እየሰፋ ሲሄድ በምንጩ በኩል ያለው ግድግዳ ተናደ፤ ከዓለቱም ውስጥ አንድ ትልቅ መንጋጋ ብቅ አለ። ጅብ አጥንት ሲያይ የሚያስብበት ጊዜ የለውም፤ ዘሎ ነከሰው። ቀጭ አለ። የተሰበረው ግን የራሱ ጥርስ ነበር።

«ውይ! ይሄ ምን ጉድ ነው? ድንጋይ ሆኗል!»

ቀበሮ ከቁጥቋጦው ሥር ሆኖ ሲያይ ቆይቷል። «አያ ጅቦ፣ ምን ነካህ? አያትህን ትበላለህ?» አለው።

«አያቴን?»

«ታዲያስ! ይህን የመሰለ መንጋጋ ከአንተ ዘር በቀር ማን አለው? ድንጋይ እስኪሆን የቆየ አጥንትስ ማን አሳይቶ ያውቃል? ከእንግዲህ ምንጩ የአንተ ነው። እኔ የአያትህ ዘበኛ እሆናለሁ፤ ካንተ ቀጥዬ ብጠጣ ይበቃኛል።»

ጅብ የተሰበረ ጥርሱን በምላሱ እያገላበጠ አለቀሰ። «አያቴን! እንደዋዛ ልቆረጥመው ነበር እኮ!» ትንሽ አሰበና፣ «ግን አንድ ጊዜ ብቻ ብልሰውስ?» አለ።

በማግስቱ አንበሳ እዚያው ገደሉ አፋፍ ላይ ለችሎት ተቀመጠ። ቀበሮ ለጅብ ጠበቃ ሆኖ ቆመ፤ የጅብን ጥያቄ ከጨረሰ በኋላም የራሱን ጨመረ። «አጥንት የሌለው መጤ ጭቃውንም መላስ የለበትም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ይውጣልን።»

አህያ ወደ አንበሳ ቀረበች። ያለ ውሃ በረሃው ምን እንደሚያደርግ ታውቃለች።

«ጌታዬ፣ እባክዎ አጥንቱን ቀርበው ይዩት» አለች። «የመዋኛ ክንፍ አለው። ዙሪያውን ሁሉ ዛጎል ነው። ዓለቱን ብልሰው ጨው ጨው ይላል፤ ዕድሜዬን ጨው ተሸክሜያለሁ፣ ጨው አያታልለኝም። ይህ ዓሣ ነው። እዚህ ባሕር ነበር።»

«ባሕር!» ብሎ ጅብ በሳቅ ተንፈራፈረ። «ጉሮሯችን ደርቆ ባሕር ትለናለች!»

«አያቱ ዋናተኛ ነበሩ፤ ምን ይገርማል?» አለ ቀበሮ።

«ግድግዳውን ይዩ» አለች አህያ፣ በሰኮናዋ እያመለከተች። «ከታች ዛጎሉ፣ ከዛጎሉ በላይ እሳተ ገሞራ የተፋው አመድ፣ ከአመዱ በላይ ሐይቅ ትቶት የሄደው ነጭ አፈር፣ እንደገና አመድ። ስንት ሺህ ጊዜ ሺህ ዓመት እንደፈጀ እኔ አላውቅም። የእኛ የሁላችን አያቶች ያሉት ከላይ በምትታየው፣ ጣት በማታህለው አፈር ውስጥ ነው። የእርስዎም ጭምር። ባሕሩ አንዴ መጥቶ ሄዷል፤ አሁን መሬቱ የሚከፈተው ሊመለስ ፈልጎ ይመስለኛል። ስንጥቁ ዛሬ ጠዋት አሥር ሰኮና ሞልቷል። አጥንቱን እንተወውና ተሻግረን ውሃ እንፈልግ።»

አንበሳ ያችን ጣት የማታህል አፈር ለረጅም ጊዜ ተመለከታት። ፈራ። ሲፈራም እንደ ልማዱ ተቆጣ።

«የአባቶቼን ዘመን ጣት አያህልም ትላለች! ፈርደናል። አጥንቱ የጅብ ነው። አህያ ትውጣ!»

አህያ ወደ ስንጥቁ ሄደች። ያን ቀን ሁለተኛ አልለካችም፤ ተንደርድራ ዘለለች። የኋላ እግሯ ጠርዙን ሲስት ጠጠር ተንዶ ወደ ታች ወረደ፤ ሲያርፍ ግን አልተሰማም። በደረቷ ተንፏቃ ወጣች። ገና ሳትቆም ምድሪቱ ተናወጠች፤ ምንጩም እንደ ተቀደደ ስልቻ ወደ ስንጥቁ ፈሰሰ።

«ዝለሉ!» ብላ ጮኸች። «አሁንም ጠባብ ነው፣ ዝለሉ!»

አንበሳ ሊንደረደር ሲል ጅብ ከፊቱ ተገተረ። «ቅድሚያው የእኔ ነው! የአያቴ አጥንት ከሁሉ ይቀድማል ብለው የፈረዱት እርስዎ ነዎት።»

«የፈረድኩት በመጠጥ እንጂ በዝላይ አይደለም!»

«ሕግ ሕግ ነው!»

እነሱ ሲጨቃጨቁ ቀበሮ ዘሎ፣ የጅራቱን ጫፍ ለሚናደው ዓለት ትቶ ተሻገረ። እነሱ ቀና ሲሉ ግን ማዶው ርቆ ነበር።

«እመት አህያ፣» አለ ቀበሮ እያለከለከ፣ «እኔ እኮ ዓሣ መሆኑን ገና ሳየው አውቄያለሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«ጠምቶኝ ነበራ።»

አህያ ጆሮዋን መሬት ላይ አድርጋ፣ ከሥር የሚወርደውን ውሃ ድምፅ እየተከተለች ቁልቁል ሄደች፤ ከኮረብታው ግርጌ በሚወጣበትም ደርሳ ጠጣች። ቀበሮም ጠጣ። ማን ይቅደም ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ከብዙ ዘመን በኋላ ባሕሩ ተመለሰ። ከአመዱ በላይ አንዲት ስስ አፈር ተጨመረች፤ በውስጧም የአንበሳ አጥንትና የዓሣ መንጋጋ ያቀፈ የጅብ አጥንት አሉ። በላያቸው ዓሦች ይዋኛሉ፤ የማን አጥንት ነው ብሎ የተጣላ ዓሣ ግን እስካሁን አልተገኘም።

ከዚህ የምንማረው፣ ከእግራችን ሥር ስላለው አጥንት «የእኔ ነው፣ የእኔ ነው» እያልን ስንጣላ ምድሪቱ የእኛን አጥንት የምታስቀምጥበትን ስፍራ እያዘጋጀች መሆኑን ነው።