የደንድር ሁለት መኪኖች

አንድ ጡረታ የወጣ የመሬት ቀያሽ አዲስ አበባ ይኖር ነበር፤ ስሙ ደንድር ይባላል። በሥራ ዘመኑ ያፈራት አንዲት አሮጌ ቮልስ አለችው። አገሩን የዞረው፣ ሚስቱን ያገባው በእርሷ ነው። ልጁ ደግሞ በቅርቡ አዲስ ትንሽ መኪና ገዛለት፤ የኋላ በሩ ወደ ላይ የሚከፈት፣ ውስጡ ሰፊ፣ ድምፁ የማይሰማ።

ሰኞ ጠዋት የእህቱ ልጅ ብርዛፍ ከቡታጅራ ደወለች።

«ጋሼ፣ እማዬ በጣም ታማለች። ‹ደንድርን ጥሩልኝ፣ የምነግረው አለኝ› ትላለች።»

«ነገ እመጣለሁ በያት» አላት።

ስልኩን ዘግቶ ግቢው ውስጥ በሁለቱ መኪኖች መካከል ቆመ። በየትኛው ይሂድ? ቮልሷ ብትቆም ራሱ ይጠግናታል፤ ግን አርጅታለች፣ ዳገት ይከብዳታል። አዲሱ ይፈጥናል፣ ወንበሩም ይመቻል፤ ግን መንገድ ላይ አንዲት ቀይ መብራት ብትበራ ምን ማለት እንደሆነ አያውቅም።

ማክሰኞ መካኒኩን አማከረ።

«ጋሽ ደንድር፣ በቮልሷ ይሂዱ። የማያውቁትን መኪና ይዘው ሩቅ አይውጡ።»

ሊነሳ ሲል ጎረቤቱ መጣ። «በአዲሱ እንጂ! ልጅህ ለጌጥ ነው እንዴ የገዛልህ?»

ረቡዕ ሁለቱንም ሲያስፈትሽ ዋለ። ሐሙስ ሻንጣውን ከቮልሷ አውጥቶ አዲሱ ውስጥ ከተተ፤ ከሰዓት በኋላ መልሶ ወደ ቮልሷ ወሰደው። ራሱን እስኪያመው አሰበ፤ ባሰበ ቁጥር ይበልጥ ግራ ገባው።

ብርዛፍ እንደገና ደወለች። «ጋሼ፣ ምን ሆነህ ቀረህ?»

«መኪና እያመቻቸሁ ነው።»

«በሚኒባስም ቢሆን ና እንጂ!»

ሁለት መኪና ያለው ሰው በሚኒባስ? ነገሩ አልገባውም።

ዓርብ ጠዋት «ቶሎ ድረስ» ተባለ። እጁ የገባውን ቁልፍ ይዞ ከነፈ።

ሲደርስ እህቱ ዓይኗን ገልጣ አየችው፤ አንደበቷ ግን ተይዟል። እጁን ጨብጣ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። ድምፅ አልወጣም።

«ምን ልትነግረኝ ነበር?» ሲል ብርዛፍን ጠየቃት።

«እኔ እንጃ፣ ጋሼ። እስከ ትናንት ድረስ ታወራ ነበር። ስጠይቃት ‹እሱ ሲመጣ› ነበር የምትለኝ።»

እሑድ ተቀበረች።

ለቅሶ ላይ አንድ የአገሩ ሰው ለወሬ ያህል «በየትኛው መኪና መጣህ?» አለው። ደንድር ለማስታወስ ሞከረ። አልታወሰውም። ከኪሱ ቁልፉን አውጥቶ ማየት ነበረበት።

ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል ደንድር ዛሬም አያውቅም፤ ይህን የምነግራችሁ እኔም አላውቅም። ማማረጥ ክፉ አይደለም። ነገር ግን በምን እንደምንሄድ ስንመዝን፣ የሚጠብቀን ሰው ጊዜው ሊያልቅ ይችላል። ደንድር እህቱን ያጣት በክፋት አይደለም፤ እየተዘጋጀ ሳለ ነው።

እናንተንስ የሚጠብቃችሁ ማነው? ያልሄዳችሁበትን ምክንያት አሁን ጮክ ብላችሁ ብትናገሩት፣ ለራሳችሁ ይገባችኋል?