ፉአድ ያፈጠነው ኮምፒውተር

በእኛ መንገድ ግራና ቀኝ በተደረደሩት ጽሕፈት ቤቶች፣ አንድ ሰው የሌላውን ኮምፒውተር «ቆይ እኔ ላስተካክልልህ» ብሎ ወንበር ሲስብ፣ ከአንዱ ጥግ አንድ አባባል ይወረወርበታል። ሰውየው እጁን ይሰበስባል፤ የሰማው ሁሉ ይስቃል። አሁንማ ባለባጃጁም ባለሱቁም ይለዋል፣ ከየት እንደመጣ ሳያውቅ። እኔ ግን አልስቅም። ነገሩ ሲሆን እዚያው ነበርኩ፤ አባባሉም ከአፍ ሲወጣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እያጣመሙ የሚያወሩት ስለበዙ እስቲ ከእኔ ስሙት።

ወሎ ውስጥ ባለች የእኛ ከተማ፣ ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት፣ የጋሽ ይመር ጽሕፈት ቤት አለ። እኔ እዚያ ፎቶ ኮፒ አነሣለሁ። ጋሽ ይመር ማመልከቻ ጸሐፊ ናቸው። ባለጉዳይ ገና ከመቀመጡ «ተበደልኩ!» ብሎ ማልቀስ ሲጀምር፣ «ቆይ፤ ከመጀመሪያው። ጠዋት ከቤትህ ወጣህ። ከዚያስ?» ይሉታል። አንድ ነገር ከዘለለ መልሰው ያመጡታል። ጽፈው ሲጨርሱ ደግሞ ጮክ ብለው ያነቡለትና «አዎ፣ ነገሬ ይኸው ነው» ሳያሰኙት አንድ ገጽ አያትሙም። ስንት ባለጉዳይ በዚህ ተናዷል መሰላችሁ!

ኮምፒውተራቸውም እንደሳቸው ነበር፤ አይቸኩልም። ጠዋት አብርተነው፣ ወለሉን ጠርገን፣ ደጃፉ ላይ ውሃ ረጭተን ስንመለስ ገና ለመነሣት ይንደቀደቃል። እሳቸው ምንም አይሉትም። እኔም ለምጄዋለሁ።

ያን ዓርብ ጠዋት እትዬ ጦይባ ከተራራው ማዶ መጡ። ልጃቸው እንድሪስ መናኸሪያ ውስጥ ጭነት የሚያወርድ ነው፤ በድብድብ የሰው ክንድ ሰብረሃል ተብሎ ሰባት ዓመት ተፈርዶበታል። በዚያ ሰዓት ሌላ ቦታ ጭነት ላይ እንደነበር የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ፤ ከከተማ ርቀው ስለሄዱ ሳይመሰክሩለት ቀሩ። እናት ምስክሮቹን ሲያፈላልጉ፣ የፍርዱን ግልባጭ ሲያወጡ ቀኑ ነጎደ፤ የይግባኝ ማስገቢያው መጨረሻ ያ ዓርብ ሆነ። ጋሽ ይመር ሳምንቱን ሙሉ ተቀምጠው ቅሬታውን ጽፈው ጨርሰዋል። የቀረው ማንበብ፣ ማተም፣ መንገዱን ተሻግሮ ለፍርድ ቤቱ መዝገብ ተቀባይ፣ ለሬጅስትራሩ፣ መስጠት ብቻ ነበር።

«ጁምዓ ሰግጄ ስመለስ አነብልሻለሁ፣ እህቴ። ከዚያ አትመን እናስገባለን» ብለዋቸው ወጡ። እትዬ ጦይባም አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

ከእኔና ከእትዬ ጦይባ ሌላ ቤት ውስጥ የቀረው ፉአድ ነው። ፉአድ የጋሽ ይመር ሚስት ታናሽ ወንድም ነው፤ ከአዲስ አበባ ለሠርግ መጥቶ ሠርጉ ካለፈም በኋላ ያልሄደ እንግዳ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ወላሂ። ግን እጁ አያርፍም። የቤቱን በር ማጠፊያ «ላስተካክል» ብሎ በሩ ከዚያ ወዲህ አይገጥምም።

«አንተስ አትሰግድም እንዴ?» አልኩት።

«እደርሳለሁ» አለ። አልደረሰም። የጋሽ ይመርን ወንበር ስቦ ቁጭ አለና፣ «ይሄ ኮምፒውተር ነው ወይስ የደከመ በሬ? ጋሼ እንዴት ነው የሚችሉት? በስልኬ ያየሁት ዘዴ አለ፤ ሲመለሱ ይገርማቸዋል» አለ።

«ኧረ ተው አንተ ሰው! የሰው ጉዳይ አለበት።»

«አንቺ ፎቶ ኮፒሽን ያዢ። ፋይል አልነካም፤ ኮተቱን ብቻ ነው የምጠርገው።»

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው። ስልኩን ከፊቱ አቁሞ፣ እሱን እያየ ጀመረ። መጀመሪያ ጊዜያዊ ፋይል የሚባለውን ጠረገ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ሲነሣ አብረውት የሚከፈቱትን ፕሮግራሞች ዘጋ። እውነቱን ለመናገር እስከዚህ ድረስ ክፋት የለውም፤ ዛሬ እኔም አደርገዋለሁ። እዚያ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት! ጣቱ ግን ሞቀች። «ይሄ ምን ይሠራል? ይሄስ?» እያለ ያጠፋል፤ ደግሞ ያጠፋል። በመጨረሻ የቆሻሻ ቅርጫቱን ሳይቀር ባዶ አደረገውና፣ «አሁን ዘግቼ ስከፍተው ታያለሽ!» አለኝ።

ዘጋው። ሲነሣ ግን እንደወትሮው አልተነሣም። ማያው ሰማያዊ ሆነ፤ ነጠብጣቦች ይሽከረከሩ ጀመር፤ ከሥር በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር ተጻፈ። የፉአድ ፊት ሲለወጥ አየሁት።

«ምን ይላል?»

«ራሱን እያደሰ ነው። እንዳታጠፉኝ ይላል።»

«እስከ መቼ?»

ለካ ጋሽ ይመር ማደሻውን «በኋላ» እያሉ ሲያቆዩት የከረሙ ናቸው፤ ጉዳይ ባለበት ቀን አያስነኩትም። ፉአድ ዘግቶ ሲከፍተው የተጠራቀመው ሁሉ ባንድ ላይ መጣ።

«ልጄ፣ ምን ሆነ?» አሉ እትዬ ጦይባ ከአግዳሚው።

«ምንም የለ እትዬ፤ ትንሽ ነው፣ አሁን ያልቃል» አለ ፉአድ።

አላለቀም። ጋሽ ይመር ከሶላት ሲመለሱ ማያው አሥር በመቶ ይላል። ቆመው አዩት። ፉአድን አዩት። አልጮሁም፤ ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። ወንበር ስበው ከእትዬ ጦይባ ጎን ተቀመጡና ሁላችንም ያን ቁጥር ማየት ጀመርን። የሳምንት ሥራ በብዕር እንደገና አይጻፍ፤ ሌላ ቅጂም የለው። ቁጥሩ አንድ ይጨምርና ይቆማል። ከማዶ የፍርድ ቤቱ ባለጉዳይ እየሳሳ ሄደ።

በመሃል አምፖሉ ብልጭ ድርግም አለ። የመጠባበቂያ ባትሪያችን ከሞተ ቆይቷል፤ መብራት አሁን ቢሄድ ኮምፒውተሩ ተመልሶ ስለመነሣቱ ማንም እርግጠኛ አይደለም። እትዬ ጦይባ ነገሩ ባይገባቸውም አምፖሉን ቀና ብለው አዩ። «ያ ረቢ፣ መብራቷን ያዝልኝ» አሉ። «ልጄ እዚያ ውስጥ ነው።»

ፉአድ መቀመጥ አቃተው። «ነቅዬ ልሰካው ይሆን?» ብሎ ጎንበስ አለ።

«እጅህን ከሶኬቱ አንሣ!» ጋሽ ይመር ያን ጊዜ ብቻ ጮሁ።

የፍርድ ቤቱ ጥላ መንገዱን ወደኛ ሲሻገር፣ ወደ ሥራ መውጫው ግድም፣ ማደሱ አለቀ። ኮምፒውተሩ ተከፈተ፤ ደግሞ በምን ፍጥነት! ፉአድ «አየሽ?» ሊል አፉን ከፍቶ ነበር። ጋሽ ይመር የእንድሪስን ይግባኝ ከፈቱት። «ለክቡር ፍርድ ቤት» የሚለው መሆን በነበረበት ቦታ የተዘበራረቀ የፈረንጅ ፊደል፣ የጥያቄ ምልክት፣ ጭረትና ነጥብ ሞልቶበታል። እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ እንዲሁ ነው። አንዲት የአማርኛ ፊደል የለችም። እትዬ ጦይባ ማንበብ አይችሉም፤ ፊታችንን አይተው ግን ሁሉን አወቁ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

«ቫይረስ ነው!» አለ ፉአድ። «ጋሼ፣ ቫይረስ በልቶታል። አሁኑኑ ፎርማት መደረግ አለበት።»

«ፎርማት ምንድነው?» አሉ እትዬ ጦይባ።

«ሁሉን አጥፍቶ እንደገና መጀመር» አልኩና ከኪቦርዱ ፊት ቆምኩበት። «ንካውና እጅህን ነው የምቆርጥልህ!»

ጋሽ ይመር በእጃቸው ዝም አሰኙን። «ቁጭ በል» አሉት ፉአድን።

«ጋሼ፣ ሰዓቱ እኮ…»

«ሰዓቱን አንተ አታስታውሰኝም። እኔ ስወጣ ይሠራ ነበር። ከዚያስ?»

እንደ ባለጉዳይ ያዙት! ፉአድ የባለጉዳዩ ወንበር ላይ ተቀመጠ። «ጊዜያዊ ፋይሎቹን ጠረግሁ።»

«ከዚያስ?»

«ሲነሣ የሚከፈቱትን ዘጋሁ።»

«ከዚያስ?»

«ቅርጫቱን ባዶ አደረግሁ።»

«ዘለልክ። ቅርጫቱ ውስጥ ምን ጣልክ?»

ላብ አጠመቀው። «ፎንት የሚባሉት፣ የፊደል ዓይነቶች ነበሩ… ብዙ ናቸው፤ ያዘገያሉ ሲባል ሰምቼ…»

«የትኞቹን?»

«የማላውቃቸውን።»

ጋሽ ይመር ዓይናቸውን ጨፈኑ። እሳቸው የሚጽፉት በድሮው የአማርኛ ፎንት ነው፤ ጣታቸው ሌላ አያውቅም። ያ ፊደል ኮምፒውተሩ ላይ ከሌለ፣ በእሱ የተጻፈ ሁሉ የፈረንጅ ዝባዝንኬ ሆኖ ነው የሚታየው። ጽሑፉ አልጠፋም። ፊደሉ ነው የጠፋው። ፉአድ ፎርማት ቢያደርገው ኖሮ ግን ሁለቱም ያልቁ ነበር።

«ከድጃ፣ ሐሊማ ጋ ሩጪ! እሷ አላት» አሉኝ።

ፍላሹን ይዤ ሮጥኩ። ሐሊማ ከታች ባለው ጽሕፈት ቤት ባለጉዳይ ፊቷ ተኮልኩሎ ትጽፋለች። «የሰው ልጅ ወህኒ ሊቀር ነው!» ስላት ባለጉዳዩን ሁሉ «ዞር በሉ!» ብላ ገልብጣ ሰጠችኝ። ነጠላ ጫማዬ በመንገድ ተበጠሰ፤ ትቼው በባዶ እግሬ ገባሁ። ጋሽ ይመር ፊደሉን መልሰው ጫኑት፤ ፋይሉን ዘግተው ከፈቱት፤ «ለክቡር ፍርድ ቤት» ብሎ ወጣ። እትዬ ጦይባ «የእንድሪስ ስም የቱ ጋ ነው?» አሉ። ጋሽ ይመር አሳዩአቸው። እናት የማያውን መስታወት በመዳፋቸው ዳሰሱት። እኔ አለቀስኩ፣ ምን አባቴ ላድርግ!

ጋሽ ይመር ግን ማተሚያውን ሊጫኑ ሲሉ እጃቸው ቆመ። «ሳላነብልሽ…»

«አትመው!» አሉ እትዬ ጦይባ። «አላህን ፈርተህ ነው የጻፍከው። አትመው ወንድሜ!»

አተሙት፤ ስለ ልጃቸው በአውራ ጣት አስፈረሟቸው፤ ሮጥን። ወረቀቱ ገና ይሞቃል። ጥበቃው የውጭውን በር ሊዘጋ ሲገፋ ደረስን፤ ከውስጥ የሬጅስትራሩ መስኮት ተዘግቷል። ለመንነው። «እናቴ፣ ሠራተኛው ወጥቷል። እኔ መስኮት አልከፍትም። ሰኞ ኑ» አለን። ሰኞ ማለት ጊዜው አልፏል ማለት ነው። እትዬ ጦይባ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። «ሰባት ዓመት» አሉ። ፉአድ ፊቱን ወደ ግንቡ አዙሮ ተንሰቀሰቀ።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!» አልኩት። ጨካኝ ነሽ በሉኝ፤ አንጀቴ አሮ ነበር።

አንድ መንገድ ቀርቶ ነበር፤ ጊዜው ያለፈበትን ይግባኝ ፍርድ ቤቱ በቂ ምክንያት ካገኘ እንዲቀበል መለመን። ጋሽ ይመር ያን ማመልከቻ በብዕር ጻፉት፤ የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው፣ አንድም ሳይዘሉ፣ የገዛ አማቻቸውን ስም ሳይደብቁ። ፉአድም ወደ አዲስ አበባ መሄዱን ትቶ ቀረ፤ ይሄን አልነሣውም። ቀጠሮው ሲደርስ እሱም እኔም ለምስክርነት ችሎት ገባን።

መሃል ዳኛዋ በዕድሜ ጠና ያሉ፣ ፈገግታ የሚባል የማያውቁ ሴት ናቸው። ዐቃቤ ሕጉ ተነሥቶ፣ «የኮምፒውተር ብልሽት ምክንያት አይሆንም፤ ዛሬ ይሄ ከተፈቀደ ነገ ሁሉም ኮምፒውተሬ ታመመ ይላል» አለ። እውነቱን ነው፤ እኔ ራሴ በልቤ አዎ አልኩ። እትዬ ጦይባ የአግዳሚውን ጫፍ ጨብጠው ቆመዋል። እኔ ቃሌን ሰጠሁ። ቀጥሎ ፉአድ ተጠራ።

«ኮምፒውተሩን አስተካክል ብሎ ያዘዘህ ሰው አለ?» አሉት ዳኛዋ።

«የለም፣ ክቡር ፍርድ ቤት።»

«ባለቤቱ ያውቁ ነበር?»

«አያውቁም። ሴትየዋም አያውቁም። ከድጃ ተው ብላኛለች፤ አልሰማኋትም። ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው። የሚታሰር ካለ እኔ ልታሰር እንጂ እኚህ እናት ምን አጠፉ?»

«ታዲያ ምን አስነካህ?»

«ዘገምተኛ ነበረ… ላፈጥነው ብዬ ነው።»

«አሁንስ?»

ፉአድ አንገቱን ደፋ። «አሁን ፈጣን ነው።»

ከኋላ አንዱ ሳቀ። ዳኛዋ በዓይናቸው አስቆሙትና ከግራ ቀኝ ዳኞቹ ጋር አንገት ለአንገት ገጥመው ተንሾካሾኩ። ሲቆዩብን! የእትዬ ጦይባ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ ጋሽ ይመር መሬት መሬት ያያሉ። ዳኛዋ ቀና አሉና፣ «እናትየዋ በቀኑ ተገኝተዋል፤ የዘገዩት በራሳቸው ቸልተኝነት እንዳልሆነ ተረድተናል። ይግባኙ እንዲቀርብ ፈቅደናል» አሉ። እትዬ ጦይባ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ጋሽ ይመር ትከሻ ላይ ወደቁ። ፉአድ እንደተገተረ ቀረ፤ መውጣት እንኳ አልቻለም። ያኔ ዳኛዋ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ይሄን መዝገብ ላይ እንዳታሰፍር» አሉት ጸሐፊውን፤ ወደ ፉአድም ዞሩ፤ «ስማ አንተ ልጅ፤ ከፈጣን ጣት ዘገምተኛ ኮምፒውተር ይሻላል!»