ከዳር የተጫረ ፍም

ጆሮውን ላዋሰኝ ሰው አንድ ተረት አለኝ። አዳምጦኝ የከሰረ የለም፤ ጠጋ በሉማ!

ድሮ፣ ክብሪት ባልነበረበት ዘመን፣ እሳት የጠፋበት ሰው ገል፣ የሸክላ ስባሪ፣ ይዞ ጎረቤት ይሄድና ፍም ይጭር ነበር። እሳትና ውሃ አይከለከልም።

ታዲያ በአንድ ተራራ ሥር ማንጠግቦሽ የምትባል ሴት ነበረች። ረቡዕና ዓርብን ትጾማለች፣ ቤተ ክርስቲያን ትስማለች፣ ለማኝ ባዶ እጁን አትመልስም። ምን ጎደላት ትሉኛላችሁ? አፏ ሲጾም ልቧ ሰው ይበላ ነበር። የጎረቤቷ የስንዱ ፍየል አንድ ቀን ጌሾዋን ግጣባት፣ ያ ቂም ከልቧ አልወጣም።

ክረምት ገባ። የስንዱ ልጅ ሴት ልጅ ወለደች። በዚያው ሰሞን ጣሪያው አፈሰሰና ምድጃውን አጠፋው። ጨቅላዋ በብርድ ተንቀጠቀጠች። ስንዱ ገሏን ይዛ ሮጠች።

«እህቴ፣ እሳት ጠፋብኝ!»

«ኧረ ውሰጂ!» አለች ማንጠግቦሽ። በልቧ ግን፣ «ፍየሏ ጌሾዬን፣ እሷ ደግሞ እሳቴን!» እያለች ከምድጃው ዳር ሊከስም የደረሰውን ፍም ጫረችላት። ስንዱ አጥሩ ጋ ስትደርስ ፍሙ ጠፋ።

ተመለሰች።

«ኧረ ውሰጂ!» አለች ማንጠግቦሽ። በልቧ ግን፣ «ዝርክርክ!» እያለች አሁንም ከዳር ጫረችላት። ስንዱ ጅረቱ ጋ ስትደርስ ፍሙ ጠፋ።

ለሦስተኛ ጊዜ መጣች። ስንዱ ዓይን አላት፤ ያ እጅ ከየት እንደሚጭር አይታለች። ብትናገር ጠብ ነው፣ ዝም ብትል ሕፃኗን ብርድ ይጨርሳታል። ስለዚህ ገሏን ወደ ኋላ ደበቀች።

«እታለም፣ እሳቱ ይቆይ። መጀመሪያ ሕፃኗን መርቂልኝ።»

«ምርቃት ይሞቃል እንዴ?»

«ግድ የለሽም፣ መርቂልኝ። ክርስትና ሳትነሳ ብርድ እንዳይወስድብኝ ፈርቻለሁ።»

ማንጠግቦሽ ደነገጠች። እስካሁን ያየችው ፍየሏን ነበር እንጂ ሕፃኗን መች አየች! «እግዚአብሔር ያሳድጋት… ለወግ ለማዕረግ ያብቃት…» እያለች መረቀች። እጇ ሳይታዘዝ አመዱን ገልጦ ወደ መሐል ገባ፣ ከሥር የተዳፈነውን የወይራ ፍም አወጣ። ፍሙን ገሉ ላይ አድርጋ አመድ አለበሰችው፤ ዝናቡ እንዳያገኘው ገሳዋን ከላይ ጋርዳ ራሷ አብራ ወጣች።

አጥሩን አለፉ፣ ፍሙ አለ። ጅረቱን ተሻገሩ፣ ፍሙ አለ። እሳቱ ነደደ፣ ጨቅላዋ ሞቃትና እንቅልፍ ወሰዳት።

«ፍየልሽን ይቅር ብያታለሁ» አለች ማንጠግቦሽ።

«እሷ ግን ጌሾሽን እስካሁን አልረሳችውም!» አለች ስንዱ፤ ሁለቱም ሳቁ።

ሕፃኗን ክርስትና ያነሳቻት ማን መሰላችሁ? ማንጠግቦሽ ናት!

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ፍሙ ተአምር አልሠራም። እጅ የሚጭረው ልብ ካሳየው ቦታ ነው። ልብ ቢያኮርፍ እጅ ከዳር ይሰጣል፣ ልብ ቢመርቅ እጅ ከመሐል ይሰጣል። ለዚህ ነው፣

ከአንጀት የሰጡት ፍም፣
መንገድ ላይ አይጠፋም

የሚባለው።

እናንተም ዛሬ ያስቀየማችሁን ሰው አስቡና፣ እሱ ሳይሰማ በልባችሁ መርቁት። ከዚያ እጃችሁን ዘርጉለት። በሉ ተነሱ፣ ሞክሩት!

ተረቴን መልሱ፣ ለጎረቤት ፍም አድርሱ።